ስቶክሆልምን በሕፃን ጋሪ፦ ከስሉሰን በኋላ በየት ልሂድ?

ሰላም፣ ስቶክሆልምን በደንብ የምታውቁ ሐሳብ ስጡኝ። በዲሴምበር አጋማሽ የሕፃን ጋሪ እየገፋን አንድ ቀን በእግር ልናያት ነው። ያን ጊዜ እዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች (ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ስለዚህ ውጭ ውጩን አስቀድሜ የቫሳ ሙዚየምን ለመጨረሻ ትቼዋለሁ። በ1628 ሰምጣ በ1961 የወጣችው መርከብ ያለችበት አዳራሽ ድሮም ደብዛዛ ስለሆነ የቀን ብርሃን አይባክንበትም።

እስከ አሮጌው ከተማ፣ ጋምላ ስታን፣ ችግር የለም፤ ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኮብልስቶኑ ጋሪውን ቢያንገጫግጨውም። በጠባቡ ቦታ 90 ሳንቲሜትር ብቻ የሚሰፋውን የሞርተን ትሮትሲግ መተላለፊያ ግን ሰርዤዋለሁ፣ ደረጃ ነው።

የተቸገርኩት ከጋምላ ስታን በስተደቡብ ካለው የትራንስፖርት መገናኛ፣ ከስሉሰን፣ በኋላ ነው። ከተማዋን ከላይ ወደሚያሳየው የእግር መንገድ፣ ወደ ሞንቴሊዩስቬገን፣ ያለ ደረጃ በየት በኩል ይወጣል? በሆርንስጋታን ጎዳና መዞር ያዋጣል? መንገዱ በረዶ ሲይዝስ ጋሪ ይገፋበታል? ከዚያ በጀልባ ቁጥር 82 ወደ ቫሳ እንሻገራለን፤ የሜትሮው የ75 ደቂቃ ትኬት እዚያም ይሠራል። በስትራንድቬገን በኩል በእግር 3 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በዚያ ብርድ ከሕፃን ጋር አይታሰብም። ዳገቱን ጭራሽ ልተወው ወይስ ጠዋት ላስቀድመው?