የአያት ስድስት ጎራሽ፦ ቅርስ ነው ወይስ መሣሪያ?

የሽምብጥ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ነገር ላንሣና ተከራከሩበት። አያቴ በአርበኝነት ዘመን የታጠቀው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በአባቴ ሣጥን ውስጥ አለ። ከጣሊያን መኮንን ማርኮ ያመጣው ነው ሲባል ነው ያደግነው። ጥይት ካየ ከእኔ ዕድሜ በላይ ሆኖታል። ሰሞኑን ውጭ አገር የሚኖር የአጎቴ ልጅ ደውሎ «የድሮ ስድስት ጎራሾች በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋቸው ሰማይ ነክቷል፤ እንዳትጥሉት» አለን። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። አንዱ ወንድሜ እንሽጠው ይላል፤ ሌላው ለፖሊስ እናስረክበው ይላል፤ አባቴ ደግሞ እኔ ቆሜ ማንም አይነካውም ብሏል። ጥያቄዬ ግን ከእኛ ቤት ሰፋ ያለ ነው፦ በየሣጥኑ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ያረጀ መሣሪያ እንደ ቅርስ ይታይ ወይስ እንደ ማንኛውም የጦር መሣሪያ?

አስተናባሪ፦
ክርክሩ ይቀጥል። «እኔም ዘንድ አለ» ብሎ ስልክ ቁጥር የሚያስቀምጥ ሰው ጽሑፉ ይነሣበታል። እዚህ ገበያ አልቆመም።

ጠበቃው ከግሽ ዓባይ፦
አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሽጉጡን መሣሪያ ብትለው በአንደኛው ትያዛለህ፤ ቅርስ ብትለው በሁለተኛው። የአጎትህ ልጅ የሚነግርህ ገበያ ለአንተ በሁለቱም በር ዝግ ነው። አባትህ ተቆጡም አልተቆጡም፣ የመጀመሪያው ሥራ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው።

ዘጌ በልቡ፦
እኔም የምኖረው ባሕር ማዶ ነው፤ የተባለው የአጎት ልጅ ግን እኔ አይደለሁም። ገበያውን በቅርብ ስለማየው ልናገር። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 ድረስ የተሠራ መሣሪያ በጥንታዊነቱ ከጦር መሣሪያ ተራ ይወጣል። ስለዚህ ሰብሳቢው የ1898ቱን ከ1899ኙ አብልጦ ቢገዛ አትገረሙ። ዋጋ የሚያስወድደው ሌላው ምክንያት የምርት መቆም ነው። ኮልት የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ፓይተን የተባለውን ስድስት ጎራሽ እ.ኤ.አ. በ1955 ጀምሮ በ2005 ሲያቆም የድሮዎቹ ዋጋ ሽቅብ ሄደ። በ2020 እንደገና መሥራት ጀመረ፤ ሰዉ ግን ባለሙያ በእጁ ሞርዶ የገጣጠመውን አሮጌውን መፈለጉን አልተወም። ዋልከር የሚሉት የ1847ቱ ኮልት ደግሞ የተሠራው 1,100 ያህል ብቻ ነው፤ ከእነዚያ አንዱ በ2018 በ1.84 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ከሁሉ በላይ የሚሸጠው ግን ታሪክ ነው። ቢሊ ዘ ኪድ የተባለው ሽፍታ የተገደለበት ኮልት እ.ኤ.አ. በ2021 ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ያው ዓይነት ሽጉጥ ያለዚያ ታሪክ ቢሆን የዚያን ቁራጭ አያወጣም ነበር።

የሽምብጥ ልጅ ሆይ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ምላጩ፣ ያ ለመተኮስ በጣት የሚሳበው፣ ቋሚ ነው ወይስ እንደ ሰንጢ ይታጠፋል?

የሽምብጥ ልጅ፦
ይታጠፋል! ወደ ፊት ገፋ ሲያደርጉት ከሆዱ ሥር ይተኛል። ልጅ ሆነን የተሰበረ ይመስለን ነበር። ደግሞ እናቴ በየፋሲካው በአመድና በሎሚ እየፈገፈገች እንደ ብር ዋንጫ አብርታዋለች።

ዘጌ በልቡ፦
ወይ እማማ! ሰብሳቢ ቢያይ እንባው ይመጣ ነበር። በዚህ ገበያ የፋብሪካው ቀለም እንዳለ ከቆየ ነው የሚፈለገው፤ የተፈገፈገ ዋጋው ይወርዳል። ታሪክ ካለው ግን ዝገትም አያግደውም። ሠዓሊው ቫን ጎኽ ራሱን አቆሰለበት ተብሎ የሚገመተው ሽጉጥ ከእርሻ መሬት ተቆፍሮ ሲወጣ ዝገት ጨርሶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ፓሪስ ላይ ከነዝገቱ በ162,500 ዩሮ ተሸጠ።

የአንተ ግን ቦዴዮ ይመስለኛል፤ የጣሊያን ጦር የ1889 (እ.ኤ.አ.) ሽጉጥ። ታጣፊ ምላጭ ያለው ለተራ ወታደር የተሠራው ነው። የመኮንኖቹ ምላጩ ቋሚ ነበር፣ የጣት መከለያም ነበረው። ይቅርታ አድርግልኝ እንጂ «ከመኮንን የተማረከ» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ያነክሳል።

ነርሷ፦
ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። እኔ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። በዚህ ክልል፣ በዚህ ጊዜ፣ ሽጉጥን «ቅርስ» ስትሉ ሰውነቴን ይሰቀጥጠኛል። ቁስሉ የ1889 ይሁን የዛሬ ዓመት እኔ አልለይም፤ የሚደማው እኩል ነው። ያረጀ መሣሪያ ዋጋ አለው ብላችሁ ባወራችሁ ቁጥር ዛሬ ያልነበረ ደላላ ነገ በየገጠሩ ሣጥን ሲያንኳኳ ይውላል። ያኔ ለሰብሳቢ ይሸጣል ያላችሁት ሁሉ የት እንደሚደርስ ማን ይከተለዋል?

ጠበቃው ከግሽ ዓባይ፦
ነርሷ ያለችው ተራ ስጋት አይደለም። እንግሊዞች ጥይታቸው ገበያ ላይ የጠፋ አሮጌ ሽጉጦችን ለጌጥ ለሚያስቀምጥ ሰው ያለ ፈቃድ ይተዉ ነበር። ወንበዴዎች ጥይት እያሠሩ ሲጠቀሙባቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ሰባት የጥይት ዓይነቶችን ፈቃድ ከማይጠየቅባቸው ዝርዝር አስወጡ። ትናንት ጌጥ የነበረው በአንድ ጀምበር ፈቃድ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሆነ።

መምህር ባለ ጡረታው፦
ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁና ታገሡኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሞቱት ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ነው። ከዚያ ተራራ የተጋዘውን ዛሬም እየተከተልን እንለምናለን፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዶርሴት ውስጥ ለጨረታ ሊወጡ የነበሩትን የቀንድ ዋንጫዎችና መጽሐፍ ቅዱስ ያስቆመው የኤምባሲያችን አቤቱታ ነው። የሽምብጡ ሽጉጥ ዛሬ ቢወጣ የልጅ ልጆቻችሁ እንዲሁ ይለምኑታል። ዘጌ ሂዱና የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ዕቃ ቤት እዩ፤ የነገሥታት ዘውድ እስከ ዛሬ የቆየው ገዢ ስላላገኘ አይደለም። ለሙዚየም ይሰጥ፤ መተኮስ እንዳይችል ሆኖ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ። ነርሷም ትረጋጋለች።

ጣና ዳር፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ «ለሙዚየም ይሰጥ» ማለት ለአፍ ቀላል ነው። አጎቴ የአባቱን ጎራዴ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሰጠ። ደረሰኝ አልተቆረጠለትም፤ ማን ታጥቆት የት እንደ ተዋጋ አንድ መስመር የጻፈለት የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ልየው ብሎ ቢሄድ የተረከበው ሰው ተቀይሮ ጎራዴውን የሚያውቀው ጠፋ። መነኮሳቱ ዘውዱን ያቆዩት ይህ የእገሌ ነው እያሉ ከአፍ ለአፍ ስለተቀባበሉት ጭምር ነው። የአጎቴ ጎራዴ ግን ስሙን በር ላይ ጥሎ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ብረት ነው።

መምህር ባለ ጡረታው፦
እውነትሽን ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። እንግዲያው ከማስረከቡ በፊት ታሪኩ ይጻፍ። የሽምብጥ ልጅ፣ ከአባትህ በዕድሜ የሚበልጥ ዘመድ በሕይወት አለ?

የሽምብጥ ልጅ፦
የአባቴ ታላቅ እህት አለች፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ምሽት ላይ ሄጄ የመኮንኑን ነገር ብጠይቃት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «የምን መኮንን? አባቴ ጣሊያን ሊወጣ ሲል ከአንድ የባንዳ ወታደር በሁለት በሬ ነው የገዛው» አለችኝ። በዚያ ዓመት እርሻው ጦም አደረ፤ አያቴም ለዚያ ሽጉጥ ባሏን እስክትሞት ይቅር አላለችውም።

ዘጌ በልቡ፦
ያለ መኮንኑ ዋጋው ወረደ።

መምህር ባለ ጡረታው፦
ለሰብሳቢው ይውረድ። በ1933 ዓ.ም. አንድ የጎጃም ገበሬ የእርሻ በሬዎቹን ሰጥቶ ሽጉጥ የገዛበትን ምክንያት ለእኔ ከአሥር መኮንን ይበልጣል። ድምፅዋን ቅረጽ።

ነርሷ፦
ቅረጻት፤ ሽጉጡን ግን ከዚያ ቤት አውጡት።

የሽምብጥ ልጅ፦
አባቴ ይህን ሲሰማ እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ሽጉጡን ሣጥን ውስጥ መልሶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ጠዋት ግን ራሱ «ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው ማነው?» ሲል ሰማሁት። እኔ ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ። የበሬዎቹን ስም እንኳ ታውቃለች፦ ወይኖና ዛጎል።