ኮቢ ማይኖ፦ እንሽጠው፣ በውሰት እንስጠው ወይስ ወንበር ላይ ይዘነው እንቆይ? (የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ውይይት፣ ኦገስት 2025 መጨረሻ፤ ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)

ቀይ ለባሽ፦

ሰላም ወገን። ከግሪምዝቢው ጉድ በኋላ ስለ ኳስ ላላወራ ምዬ ነበር። መሃላው ግን አልጸና አለኝ። የዝውውር መስኮቱ ሰኞ ይዘጋል፤ የልጁ ነገር ደግሞ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ወጣቱ አማካያችን ማይኖ በውሰት ልሂድ ብሎ ጠይቋል። ክለቡ አይሆንም ብሎታል። አሰልጣኛችን አሞሪም ይቆይ፣ ለቦታው ይታገል ባይ ነው። ጥሩ፣ ይታገል። ከማን ጋር? ከብሩኖ ፈርናንዴዝ ጋር። ይህን ያለው አሰልጣኙ ራሱ ነው። ብሩኖ አምበል ነው፣ ጉዳት ብዙም አያውቀውም፣ ቀይረህ ልታስወጣው ብትል እንኳ ፊቱ ያስፈራል። በ20 ዓመትህ እንዲህ ያለውን ሰው ታግለህ አስወጣ ማለት ምን ማለት ነው?

በሊጉ ሁለት ጨዋታ አድርገናል። በአርሰናል 1 ለ 0 ተሸነፍን፣ ከፉልሃም 1 ለ 1 ወጣን። ማይኖ በሁለቱም አንዲት ደቂቃ አልገባም። የተሰለፈው በካራባኦ ካፕ (በሊግ ካፑ)፣ አራተኛው እርከን ላይ ከሚጫወተው ግሪምዝቢ ጋር ነው። ያውም በመለያ ምት 12 ለ 11 ተሸንፈን በወጣንበት ምሽት። ባለፈው ዓመት 15ኛ ሆነን ስለጨረስን የአውሮፓ ጨዋታ የለንም። አሁን የሊግ ካፑም የለም። ታዲያ ይህ ልጅ መቼ ነው የሚጫወተው?

እኔ የምወደው በጎሎቹ አይደለም። ጎሎቹን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2024 ወልቭስ ላይ በ97ኛው ደቂቃ ያገባት፣ በዚያው ዓመት የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሲቲ ላይ ያስቆጠራት፣ ሊዮንን 5 ለ 4 ባሸነፍንበት እብድ ምሽት በ120ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገን። እኔን የሚገዛኝ ግን ኳስ ሲቀበል ነው። ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ይቆማል። ኳሷ ሳትደርስ አንዴ በትከሻው ላይ አሻግሮ ያያል። ሰውነቱን ወደ ግራ ያዘነብላል፣ የሚጠብቀው ሰው ወደ ግራ ይሄድለታል፣ እሱ በቀኝ ወጥቷል። አይቸኩልም። ሰው በታጨቀበት መሃል ሜዳ እንዲህ የሚረጋ ልጅ ከአካዳሚያችን ከወጣ ስንት ዘመን ሆነው?

ድክመቱን አልደብቅም። ወደ ኋላ ሲመለስ ይዘገያል። ሰው ከጀርባው ሲያመልጥ ቶሎ አይነቃም። ባለፈው ዓመትም ጉዳት አመላልሶታል። ቢሆንም መሸጥ የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


ሒሳብ ሹም፦

ወዳጄ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን ክለቦች የገዛ ልጆቻቸውን ለመሸጥ ለምን እጃቸውን እንደሚበላቸው ልንገርህ።

አንድ ተጫዋች በ60 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝተህ የ5 ዓመት ውል አስፈረምከው እንበል። መዝገብ ላይ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ወጪ ይያዛል። ከ2 ዓመት በኋላ በ40 ሚሊዮን ብትሸጠው፣ መዝገቡ ላይ ገና 36 ሚሊዮን ቀርቶታል፤ ትርፍህ 4 ሚሊዮን ብቻ ነው። ከአካዳሚ የወጣ ልጅ ግን የተገዛበት ዋጋ የለውም። በ40 ከሸጥከው 40ውም ትርፍ ነው፣ በዚያው ዓመት ሒሳብ ላይ ይገባል። ለዚህ ነው አልጋ ላይ ተኝተው የሚያልሙት።

የፕሪምየር ሊጉ ሕግ በ3 ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ኪሳራ አይፈቅድም። ቀልድ አይደለም፤ በ2023/24 ኤቨርተን በድምሩ 8፣ ፎረስት 4 ነጥብ ተቀንሶባቸዋል። ኒውካስል ያን ፈርቶ በ2024 እዚያው ያደገውን ኤሊየት አንደርሰንን ለፎረስት በ35 ሚሊዮን ገደማ ሰጠ። ልጁን ስለጠላው አይደለም፣ የሒሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ስለነበር ነው። አሁን ቱኼል ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጠርቶታል፣ የኒውካስል ደጋፊ ጣቱን ይነክሳል።

እኛም በዚህ ክረምት ለኩኛ፣ ለምቤሞና ለሼሽኮ ብቻ ከ190 ሚሊዮን በላይ አውጥተናል። የቻምፒየንስ ሊግ ገቢ የለም። ጋርናቾ በ40 ሚሊዮን ወደ ቼልሲ እየሄደ ነው። እሱ ከአትሌቲኮ የመጣው በልጅነቱ በትንሽ ገንዘብ ስለሆነ፣ ያም ከሞላ ጎደል ንጹሕ ትርፍ ነው። እኔ ማይኖ ይሸጥ አላልኩም። ስልኩ ቢጠራ የሚያነሱት ለምን እንደሆነ ነው የነገርኩህ።


ቁርጡን ተናጋሪ፦

ይሸጥ! አለቀ።

ያኑዛይን ረሳችሁት? በ2013 ሰንደርላንድ ላይ ሁለት ጎል ሲያገባ ሰማይ ሰቀልነው። በዓመቱ የጊግስን 11 ቁጥር አለበስነው። በ2017 ወደ ሪያል ሶሲዬዳድ ሲሄድ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። አንድ ልጅ ሁለት ሦስት ቆንጆ ጎል ካገባ እኛ ሐውልት ማቆም ይቀናናል።

የማይኖ ውል እስከ 2027 ነው። አሁን 50 የሚያወጣ ልጅ በሚቀጥለው ክረምት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከርሞ 25 ያወጣል። ከዚያ ወዲያ በነጻ ይሄዳል። ፖግባ በ2012 እንደዚያ አይደል ያመለጠን? ከ4 ዓመት በኋላ በ89 ሚሊዮን መልሰን ገዛነው። በ2022 ደግሞ እንደገና በነጻ ሄደ። አንድን ሰው ሁለቴ በነጻ መሸኘት የኛ ክለብ ብቻ ጥበብ ነው።


መድፈኛው፦

እንግዳ ነኝ፣ የአርሰናል ደጋፊ፤ አታባርሩኝ። በዚህ ቁስል ላይ ልምድ ስላለኝ ነው የገባሁት።

እኛ ኤሚል ስሚዝ ሮውን ከአካዳሚ አሳድገን 10 ቁጥር አለበስነው፤ በ2024 ለፉልሃም ሸጥነው፣ ከነጭማሪው 34 ሚሊዮን። ያለቀስኩትን አልነግራችሁም። እሁድ እናንተ ላይ አቻዋን ያገባው ማን ነበር? እሱ ነው። ለናንተ ይህን ማስታወስ ግን ጭካኔ ነው።

ግን እውነቱን ልናገር፣ የስሚዝ ሮው መሄድ ቡድኑን አልጎዳውም። በቦታው ኦዴጋርድ ነበረ፤ ልጁን ጉዳት ሲያንገላታው ቡድኑ ጥሎት ሄዷል። ግናብሪ ሲሆን ሌላ ነው። በ2016 በ5 ሚሊዮን ገደማ ለብሬመን ሰጠነው፣ በ2020 ከባየርን ጋር ቻምፒየንስ ሊግ በላ። ቶተንሃምን 7 ለ 2 ሲቀጡ 4ቱን ብቻውን ስላገባ ይቅር ብለነዋል እንጂ!

ስለዚህ ጥያቄው ልጁ ጎበዝ ነው አይደለም አይመስለኝም። በሄደበት ቦታ ማን ይቆማል? ካሴሚሮ 33 ዓመቱ ነው። ብሩኖ ደግሞ በቅርቡ 31 ዓመት ይሞላዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ መሃል ሜዳችሁ ላይ ማን አለ? ይህን መልሱና ሽጡት።


የታዳጊ አሰልጣኝ፦

ከ17 ዓመት በታች ልጆችን ነው የማሰለጥነው፣ ስለ ሜዳው ብቻ ልናገር።

አሞሪም በ3-4-2-1 (3 ተከላካይ፣ 2 አማካይና 2 የመስመር ተጫዋች፣ ከአጥቂው ጀርባ ሁለት 10 ቁጥር፣ 1 አጥቂ) ነው የሚጫወተው። መሃል ላይ ሁለት ሰው ብቻ ይቀራል። የመስመር ተጫዋቾቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሁለቱ 10 ቁጥሮች አጥቂውን ይጠጋሉ። ኳስ ስትጠፋ ሁለቱ አማካዮች ሦስት ሰው ይዘው የሚመጡ ቡድኖችን በሰፊ ሜዳ ላይ ማቆም አለባቸው። ይህ ሩጫ ነው፣ ጉልበት ነው፣ ቀድሞ ማሽተት ነው። ማይኖ በዚህ ደካማ ነው፤ ቀይ ለባሽ ራሱ ጽፎታል። ለዚህ ነው አሰልጣኙ የብሩኖ ተፎካካሪ ያደረገው። ከጎኑ ሌላ ጠባቂ እንዲኖር ይፈልጋል።

ሦስት አማካይ ባለበት ቡድን ግን ሌላ ሰው ነው። በዩሮ 2024 የያኔው የእንግሊዝ አሰልጣኝ ሳውዝጌት ከዴክላን ራይስ ጋር አሰለፈው፣ ፊት ለፊታቸው ቤሊንግሃምን አስቀመጠ። በ19 ዓመቱ ፍጻሜውን በቋሚነት ጀመረ። በ70ኛው ደቂቃ ቀይሮት የገባው ኮል ፓልመር ነበር፤ ከ3 ደቂቃ በኋላ አቻዋን አገባ። ፓልመርን ደግሞ ሲቲ ነው አሳድጎ በ2023 ለቼልሲ በ40 ሚሊዮን የሸጠው። በመጀመሪያው የውድድር ዓመት በሊጉ 22 ጎል አስቆጠረ። ሲቲ ያን ጊዜ የመዘነው ልጁን አልነበረም፣ ለልጁ የሚሰጠውን ደቂቃ ነው። ደቂቃ አልነበረውም፣ ሸጠው።

ልጅ በልምምድ ብቻ አያድግም። በሳምንት አንድ ጨዋታ ብቻ ያለው ቡድን ውስጥ አሰልጣኙ ቋሚዎቹን የሚያሳርፍበት ምክንያት የለውም። ይህን ዓመት ማይኖ ማንቸስተር ከቆየ 20 ዓመቱን ሲሟሟቅ ነው የሚያሳልፈው።


ቀይ ለባሽ፦

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። አሁን ሐሳቤ ጠራልኝ፤ በውሰት ይሂድ።

ቁርጡ፣ ያኑዛይን ማንሳትህ ለኔ ነው የጠቀመኝ። በ2015 ለዶርትሙንድ በውሰት ሰጠነው አይደል? እዚያም ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ በጥር ይዞት የሄደውን ሻንጣ ይዞ ተመለሰ። ውሰት ማለት ልጁን ከአንድ ወንበር ወደ ሌላ ወንበር ማዛወር ከሆነ ይቅር። ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ካላጫወታችሁት የምትከፍሉት ገንዘብ ይጨምራል ይባል። እንዲህ ያለ አንቀጽ በውሰት ውሎች ላይ የተለመደ ነው። ሦስት አማካይ ወደሚያሰልፍ ቡድን ይሂድ። በዓመቱ መጨረሻ የመግዛት አማራጭ የሚባል ነገር ግን እንዳይጨመርበት! ማክቶሚናይን በ25 ሚሊዮን ገደማ ለናፖሊ ሰጥተን በመጀመሪያ ዓመቱ 12 የሊግ ጎል አግብቶ፣ ስኩዴቶ (የጣሊያን ሊግ ዋንጫ) በልቶ፣ የሴሪ አው ምርጥ ተጫዋች ሲባል አይተናል። እሱ እንኳ 27 ዓመቱ ነበር፣ ያደገውን አድጓል። ማይኖ ገና ነው።

መልሶ የመግዛት መብት ይዘን እንሽጠው የምትሉም ትኖራላችሁ። የግራ መስመር ልጃችንን ካሬራስን አስታውሱ። በ2024 ለቤንፊካ በ6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሰጠነው፣ መልሰን የመግዛት መብትም ነበረን። የግራ መስመር ሰው ሲያስፈልገን ግን ከሌቼ ዶርጉን በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛን። ካሬራስን በዚህ ክረምት ሪያል ማድሪድ በ50 ሚሊዮን ዩሮ ወሰደው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ወረቀት ላይ መብት መኖሩ ምንም አይጠቅምም፣ የሚጠቀምበት ሰው ቢሮ ውስጥ ከሌለ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሒሳብ የማያውቀው። ከ1937 ጀምሮ ይህ ክለብ በእያንዳንዱ ጨዋታ ቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ የአካዳሚ ልጅ ሳይዝ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ይህ መዝገብ በወንበር ላይ ልጅ እየቀጠለ ነው። እኔ ሜዳ ላይ ነው ማየት የምፈልገው።


ሒሳብ ሹም፦

ውሰቱ ለኔም ይስማማኛል። የሚዋሰው ክለብ ክፍያ ይከፍላል፣ ደመወዙንም ይሸፍናል፣ ልጁ በሚቀጥለው ክረምት ተጫውቶ ከመጣ ዋጋው አይወርድም። ነገር ግን ውሉ 2 ዓመት ብቻ ቀርቶት በውሰት መላክ ለክለቡ አደጋ አለው። መጀመሪያ ውሉን ያራዝሙ፣ ከዚያ ይላኩት። ይህን ደግሞ እስከ ሰኞ መጨረስ ቀላል አይደለም። ልጁ ደቂቃ ሳያገኝ ለምን ይፈርማል?


ቁርጡን ተናጋሪ፦

እኮ! እሱ አይፈርምም፣ እናንተ አትሸጡም፣ አሰልጣኙ አያጫውትም። እኔ መጀመሪያ ያልኩት ይሄንኑ ነው።


መድፈኛው፦

ችግር ከሆነ እኛ ጋ ላኩት፣ በደንብ እንይዘዋለን።


ቀይ ለባሽ፦

አንተ እስካሁን እዚህ ነህ?