2,080 ተማሪ፣ 16 ክፍል፦ ባሕር ዳር ላይ ለት/ቤት ማስፋፊያ የትኛው ቦታ ይሻላል?

የወተመህ አባል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባል ነኝ። ት/ቤታችን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚያስተምር የመንግሥት ት/ቤት ነው። 16 መማሪያ ክፍሎች አሉት፤ በሁለት ፈረቃ በየክፍሉ 65 ልጅ ተቀምጦ 2,080 ተማሪ ይማራል። ግቢው 7,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ሜዳውን ካላጠፋን በቀር ተጨማሪ ብሎክ የምናቆምበት የለም። ክፍለ ከተማው ሦስት ቦታ አሳይቶናል።

አንደኛው ዓባይ ማዶ ወደ ዘንዘልማ አቅጣጫ፣ 2.1 ሄክታር፣ አሁን የሚታረስ ሜዳ ነው። ሁለተኛው በሐይቁ በኩል፣ ከደንገሉ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ 1.2 ሄክታር። ሦስተኛው ከት/ቤቱ 600 ሜትር ላይ ያለ የአሮጌ መጋዘን ግቢ ሲሆን 6,000 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። አብዛኛው የኮሚቴ አባል በስፋቱ ምክንያት ወደ አንደኛው አዘንብሏል። ስንት ክፍል ነው በትክክል የሚያስፈልገን? ሙሉ በሙሉ እንዛወር ወይስ እንከፈል? ከመፈረማችን በፊትስ ምን እንፈትሽ?

ሱፐርቫይዘር

መጀመሪያ ሒሳቡን በአንድ ፈረቃ ሥሩት። በክፍል 50 ልጅ ከተባለ 2,080 ለ50 ሲካፈል 42 ክፍል ነው። ያላችሁ 16 ስለሆነ የጎደለው 26 ነው። ታዲያ ለምን ሁሉንም ታዛውራላችሁ? ነባሩን ግቢ ለቃችሁ 42 ክፍል ከዜሮ መሥራትና 16 ደህና ክፍል ለሌላ አገልግሎት መስጠት ለልጆቹ ኪሳራ ነው።

የሚያዋጣው በክፍል ደረጃ መክፈል ነው። 1ኛና 2ኛ ክፍል እዚያው ይቆዩ። ወደ 700 ልጅ ከሆኑ 14 ክፍል ይበቃቸዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ለዜሮ ክፍል (ከ1ኛ ክፍል በፊት ላለው) ይሆናሉ። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ያሉት 1,380 ገደማ ልጆች ወደ አዲሱ ይሂዱ፤ ለእነሱ 28 ክፍል ያስፈልጋል። በሰፈር አትክፈሉ። በሰፈር ስትከፍሉ የሁሉም ክፍል ደረጃ መጽሐፍ፣ ቤተ መጻሕፍትና መምህር ሁለት ቦታ ይበተናል፤ የሒሳብና የአካባቢ ሳይንስ መምህራን በሁለት ግቢ ሲመላለሱ የክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ይባክናል።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ከማየታችሁ በፊት የልጆቹን ቤት እዩ። ከመዝገብ ቤት የየተማሪውን ቀበሌና ቀጠና አውጡና በከተማው ካርታ ላይ በነጥብ ምልክት አድርጉ። የስምንት ዓመት ልጅ በደቂቃ 50 ሜትር ይሄዳል ብላችሁ አስሉ፤ 600 ሜትር 12 ደቂቃ ማለት ነው። ዓባይ ማዶ ግን አዲሱ ድልድይ ብቻውን 380 ሜትር ስለሆነ እሱን መሻገር ብቻ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ በሰኔ ዝናብም በሚያዝያ ፀሐይም መጠለያ የለውም። የልጆቻችሁ ቤት ከድልድዩ ወዲህ ከሆነ ወላጅ የባጃጅ መክፈል ይጀምራል፤ መክፈል ያቃተው ደግሞ ልጁን፣ በተለይ ሴት ልጁን፣ ያስቀራል። ዓባይ ማዶ ለሚኖሩ ልጆች ት/ቤት ያስፈልጋል፤ እሱን በራሱ ጥያቄ አቅርቡት እንጂ የእናንተን መጨናነቅ ማስተንፈሻ አታድርጉት።

ሲቪል መሐንዲስ

እኔ ስለ መሬቱ ልናገር፤ ባሕር ዳር ላይ ት/ቤት የሚያበላሸው ይኸው ነው።

የሚታረሰው ሜዳ ዋልካ መሆኑን ለማወቅ በበጋ መሄድ ይበቃል። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ከሆነ ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ቀላል ባለ አንድ ፎቅ ክፍል በላዩ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚታየው ከመስኮት ማዕዘን ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው፤ ቀጥሎ የወለሉ መሃል ይነሳና በሩ አልዘጋ ይላል። ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ቤት ይበልጥ ይጎዳል፤ አፈሩን ተጭኖ የሚይዝበት አቅም የለውምና።

በእያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ አራት ቴስት ፒት (የአፈር መመርመሪያ ጉድጓድ) አስቆፍሩ፤ ሦስቱ ብሎክ ይቆምበታል የተባለበት፣ አንዱ መጸዳጃ የሚሆንበት። ጥልቀቱ እስከ 3 ሜትር፣ ወይም ዓለት እስኪገኝ። የዋልካውን ውፍረት በሜትር ጻፉት። ናሙና ወስዳችሁ በላቦራቶሪ የፍሪ ስዌል ምርመራ (አፈሩ ውሃ ሲያገኝ ስንት በመቶ እንደሚያብጥ የሚለካ) አሠሩ፤ ውጤቱ ከ50 በመቶ ካለፈ ጥንቃቄ፣ ከ100 ካለፈ የመሠረቱ ዲዛይን ራሱ መቀየር አለበት። ዋልካው ከ1.5 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ጠርጎ አውጥቶ በገረጋንቲ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየጠቀጠቁ መሙላት ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ የቁፋሮው፣ የመሙያውና የማጓጓዣው ወጪ ስፋቱ ያስገኘላችሁን ጥቅም ይበላዋል። 2.1 ሄክታሩን ስታዩ ይህን አስቡ።

የሐይቁን ዳር ቦታ በግንቦት አይታችሁ አትፍረዱ። የጣና ውሃ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። ቴስት ፒቱን ያኔ ክፈቱና በማግስቱ ውሃው የቆመበትን ከፍታ ለኩ። ከመሬቱ ገጽ 1 ሜትር ሳይሞላ ከቆመ የጉድጓድ መጸዳጃ አይታሰብም፤ ጉድጓዱ በክረምት ከታች ይሞላል፣ ፍሳሹም ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ሴፕቲክ ታንክ ቢሠራም ባዶውን ሲሆን ውሃ ያነሳዋል፣ ቱቦውን ይሰብራል። አካባቢው ደንገል፣ ፊላ ወይም እርጥብ ሣር ካበቀለ መሬቱ ራሱ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሦስቱም ቦታ ላይ የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ፤ የጣሪያ ውሃ መውጫ። 28 ክፍል በአራት ባለ G+1 ብሎክ፣ በየፎቁ አራት ክፍል ቢሠራ 32 ክፍል ይወጣል፤ ትርፎቹ አራቱ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለቤተ ሙከራና ለመምህራን ይሆናሉ። ክፍሉ 7 በ8 ሆኖ ከበረንዳው ጋር አንዱ ብሎክ ወደ 33 ሜትር በ9.5 ነው፤ የአራቱ ጣሪያ 1,250 ካሬ ይሆናል። 50 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ ዝናብ ከዚህ ጣሪያ ብቻ 62,500 ሊትር ያወርዳል። የሚሄድበት ቦይ ግቢው ውስጥ ሳይሆን ከግቢው ውጪ መኖሩን አረጋግጡ። የመንገዱ ቦይ ከግቢው ከፍ ካለ ውሃው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከብሎኩ አጠገብ አትትከሉ፤ ዋልካውን በአንድ በኩል አድርቆ ግድግዳውን ይሰነጥቃል።

የወተመህ አባል (ጠያቂ)

ተባረኩ። ነጥቡን ከመዝገብ አውጥተን ምልክት አደረግን፤ ከአሥሩ ልጅ ስምንቱ ከድልድዩ ወዲህ ነው። ስለዚህ መጋዘኑን በቁም ነገር እያየነው ነው። ግን 6,000 ካሬ ይበቃል? ጣሪያውም አሮጌ አስቤስቶስ ነው።

የከተማ ፕላን ባለሙያ

ይበቃል፣ ግን ጠበብ ይላል። ብሎኮቹ 1,250፣ መጸዳጃ፣ አስተዳደርና ጥበቃ ቤት 400፣ የሰልፍ ቦታ ለ1,380 ልጅ 1,400፣ አንድ 20 በ40 የእጅ ኳስ ሜዳ 800፤ ድምሩ 3,850 ካሬ። የቀረው 2,150 ለብሎኮች ክፍተት፣ ለዛፍና ለእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ነው። በብሎክና በብሎክ መካከል 12 ሜትር ተዉ፤ ሲጠጋጋ አንዱ ክፍል ግጥም ሲያነብ ሌላው ይረበሻል። መስኮቶቹ ሰሜንና ደቡብ ይዩ፣ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ሰሌዳው ላይ አያርፍም። እግር ኳስ ሜዳ አይገባም፤ ለዚያ ነባሩ ግቢ አለላችሁ፤ 700 ሕፃናት ብቻ ሲቀሩ ሜዳው በሳምንት ተራ ለሁለቱም ይበቃል።

ወረቀቱን በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱበት። በመዋቅራዊ ፕላኑና በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበ በጽሑፍ ጠይቁ። በአፍ «ክፍት ነው» መባል አይበቃም፤ የመንገድ ማስፋፊያ ወይም አረንጓዴ ቦታ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መንገዱ ሲሰፋ ከግቢው 10 ሜትር ከወሰደ ሒሳባችሁ ሁሉ ይፈርሳል። ቀጥሎ ባለይዞታው ማን ነው? የመንግሥት ከሆነ በሊዝ አዋጁ 721/2004 መሠረት ለማኅበራዊ አገልግሎት በምደባ (ያለ ጨረታ) ይሰጣል፤ ለዚህ የካቢኔ ውሳኔ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤ ብቻ አይደለም። የግለሰብ ይዞታ ወይም የገበሬ መሬት ከሆነ ግን በአዋጅ 1161/2011 ካሳው አስቀድሞ መከፈል አለበት። ካሳ ያልተከፈለበት መሬት ላይ አጥር ያጠረ ት/ቤት አመቱን ሙሉ ክስ ላይ ይከርማል፤ ገበሬውም መብቱ ነው።

ከውሳኔው በኋላ ቀያሽ መጥቶ ችካል ይምታ፤ አራቱንም ማዕዘን ከኮኦርዲኔቱ ጋር አስመዝግቡ። የይዞታ ካርታው በት/ቤቱ ወይም በትምህርት መምሪያው ስም ይውጣ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ቦታው ከዚያ በፊት ካልጸደቀ ለግንባታው ገንዘብ አይያዝም፤ ቁፋሮውም ዝናቡ ካባራ በኋላ ጥቅምት ላይ ነው የሚጀመረው።

ሲቪል መሐንዲስ

ስለ አስቤስቶሱ፦ በፌሮ አትስበሩት፣ ከላይም አትወርውሩት። ጉዳቱ አቧራው ነው፤ ሳምባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ውሃ እየረጩ ቡሎኑን ፈትቶ ክዳኑን ሳይሰብሩ በሙሉው ማውረድ፣ በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ መጠቅለል፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሚፈቅደው ቦታ መቅበር። ሠራተኛው የጨርቅ ሳይሆን ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ ጭምብል ያድርግ፤ ወለሉ በደረቁ አይጠረግ። ይኼ ሥራ ልጆች በማይኖሩበት ጊዜ በተለየ ውል ይሠራ። ብዙ ጊዜ ወርዶ ደህና የመሰለው ክዳን ለሽንት ቤት ወይም ለጥበቃ ቤት ይመለሳል፤ ያንን ውሉ ላይ ከልክሉ።

መጋዘኑ የያዘው እህል ነው ወይስ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ? በአካባቢው የቆዩ ሰዎችን ጠይቁ። ፀረ ተባይ ወይም ነዳጅ ከነበረ ከወለሉ ሥር ከ30ና ከ60 ሳንቲ ሜትር የአፈር ናሙና ወስዳችሁ አስመርምሩ፤ ተበክሎ ከተገኘ ያ አፈር ለሜዳው መሙያ እንዳይሆን።

ውሃውን አሁኑኑ አስቡት። ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ በልጅ 5 ሊትር፣ ለመጸዳጃ 2 ሊትር ጨምሩ፤ ለ1,380 ልጅ በቀን 9,660 ሊትር ነው። ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ ለሦስት ቀን ባለ 10,000 ሊትር ሦስት ሮቶ ያስፈልጋል። አንዱ ሲሞላ 10 ቶን ስለሚመዝን የሚቆምበት መደብ እንደ ብሎኮቹ መሠረት እስከ ጠንካራው አፈር ይውረድ። መጸዳጃው በዓለም ጤና ድርጅት ልክ ለ25 ሴት ልጅ አንድ፣ ለ50 ወንድ ልጅ አንድና የሽንት መሽኛ ነው፤ እኩል በእኩል ከሆኑ ለሴቶቹ 28፣ ለወንዶቹ 14 መቀመጫ። በአንድ ዓመት በጀት ሁሉም አይሠራም፤ ግማሹን ስትሠሩ ለቀሪው ቱቦውንና መሬቱን አስቀሩለት፣ የሴቶቹንም በር ከወንዶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ አድርጉት።