ሃምሳ አለቃው ለምን ጦር አልያዘም?

"ላይት ኢንፋንትሪ ሰርጀንት" የሚለውን የእንግሊዝ ሠራዊት የማዕረግ ስም "የቀላል እግረኛ ጦር ሃምሳ አለቃ" ብሎ የተረጎመው ወዳጃችን አልተሳሳተም። ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ካየናቸው እያንዳንዳቸው ጣጣ አላቸው።

ከ"ቀላል" ልጀምር። እኛ ሰውን "ቀላል" ካልን ክብር የለውም ማለታችን ነው። በናፖሊዮን ዘመን የነበሩት የእንግሊዝ ቀላል እግረኞች ግን የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። የእንግሊዙ ጄኔራል ሰር ጆን ሙር ከ1803 ጀምሮ ሾርንክሊፍ በሚባለው የእንግሊዝ የጦር ሰፈር 43ኛውንና 52ኛውን ክፍለ ጦር ያሠለጠነው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እንዲቆሙ ብቻ ሳይሆን፣ ከዋናው ሰልፍ ቀድመው፣ ተበታትነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲዋጉ ነው፤ አንዱ ጠመንጃውን ሲያጎርስ ጓደኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የኛን "ቁመህ ጠብቀኝ" የሚባለውን የድሮ ጠመንጃ አስታወሰኝ። ስሙ ራሱ ማጉረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ይናገራል። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ "ተወርዋሪ እግረኛ" ይሻላል። ፍጥነቱም ቀድሞ መውጣቱም እዚያ ውስጥ አለ።

"ሃምሳ አለቃ" ደግሞ የቁጥር ስም ነው። ዘጸአት 18፥21 ላይ ዮቶር ለሙሴ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን ሹም ይለዋል። "ሻለቃ"ም "ሺ አለቃ" ነው። "ሰርጀንት" ግን ሥሩ ላቲን ሆኖ "የሚያገለግል" ማለት ነው፣ ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም። በአንድ ሻምበል ውስጥ ብዙ ሰርጀንቶች ስለነበሩ ለአንዱ የሚደርሰው ሰው ከ50 በጣም ያንሳል። ቢሆንም ቃሉ ለምዶብናል፣ ባንነካው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ርዕሱ። "ጦር" በአማርኛ ሠራዊትም ነው፣ የሚወረወረውም ብረት ነው። እዚህ ጋ ነው ግራ የሚያጋባው፤ ምክንያቱም የመደበኛው እግረኛ ሰርጀንት በእርግጥም ጦር ይይዝ ነበር! ከ1792 ጀምሮ የተሰጠው ጦር 9 ጫማ፣ ማለትም ወደ 2.7 ሜትር ይረዝማል። ሰልፍ ያስተካክልበታል፣ ባንዲራ ይጠብቅበታል። ተወርዋሪው ሰርጀንት ግን ይህን ይዞ በቁጥቋጦና በአጥር መካከል መሮጥ አይችልም። ስለዚህ ጠመንጃ ያዘ። "የጦር ሃምሳ አለቃ" ብላችሁ ስትጽፉ አንባቢው ጦር የያዘ ሰው እንዳይታየው ተጠንቀቁ።

ልብሱ ላይ ሁለት ቃል ልጨምር። ወገቡ ላይ የሚታጠቀውን ቀይ ጨርቅ "መቀነት" ብሎ የተረጎመ አይቻለሁ። ኧረ በፍጹም! መቀነት የሴት ነው። "ድግ" የሚል ያማረ ቃል አለን፣ ሰፊ፣ ወገብ ላይ የሚጠመጠም። የመኮንኑ ድግ ሐር ነው፤ የሰርጀንቱ ግን ሱፍ ሆኖ መሐሉ ላይ ብዙ ጊዜ የክፍለ ጦሩ መለያ ቀለም መስመር አለው። ክንዱ ላይ ያሉት 3 የማዕረግ መስመሮች የመጡት በ1802 ነው። የፈረንሳይኛ ስማቸው "ሼቭሮን" የቤት ጣሪያ ላይ ጫፍ ለጫፍ የሚጋጠሙትን እንጨቶች ማለት ነው። ባርኔጣው ላይ አረንጓዴ ላባና የመለከት ምልክት አለ። በደረቱ ማቋረጫ ቀበቶ ላይ ደግሞ ፊሽካ ተንጠልጥሏል፤ የተበታተነን ሰው በድምፅ ብቻ መጥራት ስለማይቻል። (ፊሽካ ከጣሊያንኛ የወሰድነው ቃል ነው፣ እዚህ ቦታ ግን ልክክ ይላል።)

የመጨረሻው ሳንጃ ነው። አረንጓዴ ለባሾቹ የ95ኛው ክፍለ ጦር ሰርጀንቶች ቤከር የሚባለውን ጠመንጃ ይይዙ ነበር። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ ሳንጃው ረዘመ፣ እጀታም ተበጀለት። ስለዚህ ሰዎቹ "ሳንጃ" አላሉትም፣ "ጎራዴ" አሉት። የነሱ ወራሽ የሆነው የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ዛሬም እንደዚያው ይጠራዋል። እናም አዛዡ "ጎራዴ ሰካ!" ሲል ካነበባችሁ የተርጓሚ ስህተት መስሏችሁ "ሳንጃ" ብላችሁ እንዳታርሙት።