ሞመንት ወይስ ፓወር? የአረማመድ ምርመራ ሲነጻጸር የቱ ይታመን

ፊዚዮ፦
የአረማመድ ምርመራ ሪፖርት ላይ የመገጣጠሚያ ሞመንትም (መገጣጠሚያውን የሚያዞር ግፊት) ፓወርም (መገጣጠሚያው በየሰከንዱ የሚያወጣው ወይም የሚመጥጠው ኢነርጂ) ይወጣል። ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የተወሰዱ ሁለት ሪፖርቶችን ስናስተያይ በየትኛው እንወስን? እኔ ፓወር እላለሁ። እግር ከመሬት ሊነሳ ሲል ቁርጭምጭሚት ሰውነትን ወደፊት ሲገፋ የሚታየው እዚያ ነው። ጤነኛ አዋቂ በለመደው ፍጥነት ሲሄድ በኪሎ 3 ዋት አካባቢ ይደርሳል። የታካሚው 1 ላይ ከቀረ ችግሩ አፍጥጦ ይታያል። ታዲያ ሞመንቱ ምን ይጨምርልናል?

ቀመሩ፦
ቀስ በል ወንድሜ። ፓወር እኮ ሞመንትን በመገጣጠሚያው የማዕዘን ፍጥነት አባዝተህ የምታገኘው ነው። የሞመንቱ ስህተት እንዳለ ይገባል፣ የፍጥነቱ ደግሞ ይደረብበታል። ፍጥነቱ የሚሰላው ካሜራ ከሚከታተላቸው ነጥቦች (ማርከሮች) እንቅስቃሴ ነው። ቆዳ ላይ የተለጠፈ ማርከር በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስሌቱ ይዘላል። መንቀጥቀጡን የሚያለሰልሰውን የሶፍትዌር ማጣሪያ ትንሽ ብትነካው የፓወሩ ጫፍ ከፍ ዝቅ ይላል። እግር መሬት ላይ እያለ የቁርጭምጭሚት ሞመንትን በዋናነት የሚወስነው ወለሉ ላይ ያለው መለኪያ ሰሌዳ የሚለካው፣ መሬት እግርን መልሶ የሚገፋበት ኃይል ስለሆነ ያን ያህል አይናወጥም።

ተማሪዋ፦
ጉልበቱን አጥፎ የሚራመድ ልጅ አስቡ። እግሩ መሬት ላይ እያለ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቆያል፣ ብዙም አይንቀሳቀስም። ፓወሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል። የፊት ጭን ጡንቻው ግን ልጁ እንዳይወድቅ ሲታገል ነው የሚውለው። ፓወሩን ብቻ ካየን «ይሄ ጡንቻ አርፏል» ልንል ነው። ሞመንቱ ግን ትግሉን ያሳያል።

ፊዚዮ፦
ለጉልበት ይሁን። ግን ሞመንት ጡንቻው እየገፋ ይሁን ፍሬን እየያዘ አይነግርሽም። ያው የመዘርጋት ሞመንት ጉልበት ሲታጠፍ ኃይል ይመጥጣል፣ ሲዘረጋ ኃይል ያወጣል። የሚለያቸው የፓወሩ ምልክት (ፕላስ ወይም ማይነስ) ነው።

የላብ ሰው፦
ሞመንት አይናወጥም የተባለውም ሙሉ አይደለም። አንዱ ላብራቶሪ ጡንቻዎቹ የሚፈጥሩትን ሞመንት ይዘግባል፣ ሌላው ከውጭ የሚመጣውን። ምልክቱ ይገለበጣል። አንዱ በጭን አጥንት ዘንግ ይሰላል፣ ሌላው በታችኛው እግር። አንዱ ለክብደት ብቻ ያካፍላል፣ ሌላው ለክብደትና ለቁመት። አጠቃላይ ፓወር ግን በየትኛውም ዘንግ ብታሰሉት ያው ነው። ሶፍትዌሩ በሦስት አቅጣጫ ሲቆራርጠው ነው ይህ ጥቅም የሚጠፋው።

ቀመሩ፦
ተስማማሁ፣ ከሌላ ላብራቶሪ የመጣ ግራፍ አምኜ አላነብም። ግን አንድ ነገር ይታይ። የአረማመድ ተመራማሪው ዴቪድ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1980 የዳሌን፣ የጉልበትንና የቁርጭምጭሚትን የመዘርጋት ሞመንት ደመረ። የየመገጣጠሚያው ሞመንት ሲለዋወጥ ድምሩ ግን የረጋ ሆነ። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይሸከማል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጫፍ ነጥሎ ማነጻጸር ራሱ ያሳስታል። ደግሞ የቁርጭምጭሚት ፓወር ሁሉ የባት ጡንቻ ሥራ አይደለም። የተረከዝ ጅማት ቀድሞ ተወጥሮ ያጠራቀመውን መልሶ ይለቃል።

ተማሪዋ፦
ስለ አካሄድ ፍጥነት ማንም አላነሳም እኮ! ልጁ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሰከንድ 0.8 ሜትር፣ አሁን 1.1 ሄደ እንበል። ሞመንቱ ብዙም አልተለወጠም፣ ፓወሩ ግን ጨመረ። ተሻሻለ እንበል ወይስ ስለፈጠነ ነው?

ፊዚዮ፦
መፍጠኑ ራሱ ውጤት አይደል እንዴ? ወላጅ የሚፈልገው ያንን ነው።

የላብ ሰው፦
ውጤት ነው፣ ምክንያቱን ግን አያሳይም። ፍጥነቱን ያመጣው ዳሌው እግሩን ወደፊት መሳቡ ሊሆን ይችላል። በ0.8 ደግማችሁ አስሂዱትና ያንን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተለካው ጋር አስተያዩ።

ፊዚዮ፦
«ቀስ በል» ስትዪው አረማመዱ ይለወጣል። ያኔ የምለካው የእሱን ነው ወይስ የእኔን ትእዛዝ?

የላብ ሰው፦
ለዚህ ነው ትእዛዝ ሳይሰጠው ብዙ ዙር የሚሄደው። ከዙሮቹ ለድሮው ፍጥነት የሚጠጉትን ምረጥ። አንድም ካጣህ የፓወሩን ለውጥ «የቀዶ ሕክምናው ውጤት» ብለህ አትጻፍ።