የልብስ መሸጫ ድረ ገጼ ዛሬ ጠዋት ጠፋብኝ፤ የሠራልኝ ባለሙያ ስልክ አያነሳም

ሽሮሜዳ_ጥበብ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ እህታችሁን በፍጥነት እርዱኝ። የሀገር ልብስ የምሸጥበት ድረ ገጽ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አይከፈትም፤ በቀሚሶቼ ፈንታ የማላውቀው ማስታወቂያ የሞላበት ገጽ ይወጣል። ለፋሲካ የታዘዙት ልብሶች ሸማኔው እጅ ላይ ናቸው፤ የደንበኞቼ አድራሻና ልክ የተመዘገበው ግን እዚያው ድረ ገጹ ውስጥ ነው። እኔ ስለ ኮምፒውተርም ሆነ ስለ ዲዛይን የማውቀው ነገር የለም። አዲስ ለማሠራት ስንት ይፈጃል?

ገመድ_አልባ፦
የስልክዎን ብሮውዘር ካሽ (ስልኩ ያስቀመጠውን የድሮ ገጽ ቅጂ) አጥፍተው እንደገና ይክፈቱት።

መካሪው፦
እህቴ፣ ሱቅ ሲከራዩ ውል ይዋዋሉ የለም? ድረ ገጽ ሲያሠሩም ዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም) በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ቦታ ኪራይ) ክፍያ ከማን ካርድ እንደሚቆረጥና የይለፍ ቃሎቹ በማን እጅ እንዳሉ በጽሑፍ መያዝ ነበረበት። ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው በኢንተርኔት መነገድ አይችልም የሚሉትን አልደግፍም፤ እነዚህን ሦስት ነገሮች ሳያውቅ መነገድ ግን ንብረትን ለሰው መልካም ፈቃድ መተው ነው።

ቡና_ቁርስ፦
እንደ ዶሜይኑ ባለሙያውም ጊዜው አልፎበት ይሆናል፤ ማን ያድሰዋል?

ስም_ጠባቂ፦
በራስ ገጽ ፈንታ ማስታወቂያ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የዶሜይኑ ክፍያ ሳይታደስ ሲቀር ነው። ነገሩ ይህ ከሆነ ፎቶዎቹና የትእዛዝ መዝገቡ ያሉት ሆስቲንጉ ላይ ስለሆነ፣ የእሱ ክፍያ እስካልተቋረጠ ድረስ አልጠፉም፤ ስለዚህ አዲስ ለማሠራት አይቸኩሉ። አሁኑኑ የአይካን (የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው ድርጅት) የዶሜይን መፈለጊያ ላይ ስሙን አስገብተው መዝጋቢው ድርጅት ማን እንደሆነና «ስታተስ» ከሚለው አጠገብ ምን እንደተጻፈ ይመልከቱ። የድረ ገጽዎ አድራሻ በዶት ኮም የሚያልቅ ከሆነ፣ «ሪደምፕሽን ፒሪየድ» የሚል እስካልመጣ ድረስ በተለመደው ዋጋ የማደስ ዕድል ይኖራል። እሱ ከመጣ በኋላ ለ30 ቀን መልሶ ማግኘት ቢቻልም ክፍያው ከማደሻው እጅግ ይበልጣል፤ ቀጥሎ «ፔንዲንግ ዴሊት» ተብሎ 5 ቀን ይቆይና ስሙ ለፈለገ ሁሉ ይለቀቃል። መዝጋቢው ጊዜው ከማብቃቱ በፊት አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማሳሰቢያ የመላክ ግዴታ አለበትና፣ ማሳሰቢያው ለማን ኢሜይል ሲላክ እንደነበረ ያጣሩ።

ቻናል_ይበቃል፦
ለመሆኑ ድረ ገጽ ለምን አስፈለገ? ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ ገንዘቡ በቴሌብር ይገባል፣ ልብሱ በሞተር ይላካል። ዲዛይን የማያውቅ ሰው በዓመት እየከፈለ ራሱን የሚያስጨንቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የመርካቶ_ልጅ፦
መጀመሪያ ካሹን ያጥፉት፤ እኔም ገጥሞኝ ተስተካክሎልኛል።

ሽሮሜዳ_ጥበብ (ጠያቂ)፦
ካሹን አጥፍቻለሁ፣ ለውጥ የለውም። ቻናል ይበቃል ላሉኝ ወንድሜ፣ ደንበኞቼ ያሉት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሲሆን የሚከፍሉትም በካርድ ነው። የካርድ ክፍያ የሚቀበልልን ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ንግድ አካውንት ስለማይከፍት፣ ሽያጩ የሚካሄደው ሜሪላንድ ባለችው እህቴ ድርጅት ስም ነው። ስም_ጠባቂ ያሉትን አይቻለሁ፤ ሪደምፕሽን የሚል ቃል የለበትም። መዝጋቢው ጋ ገብቼ የይለፍ ቃል ለመቀየር ስሞክር ግን «ኢሜይል ልከናል» ይለኛል እንጂ ምንም አይደርሰኝም። ኢሜይሉ የድርጅቴው ነው፤ ከኋላው የድረ ገጹ ስም አለበት።

ስም_ጠባቂ፦
ቁልፉ እዚያ ነው። ዶሜይኑ ሲቆም በእሱ ስም የሚሠራው ኢሜይልም አብሮ ስለሚቆም፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያውም ሆነ ከአሁን በኋላ የሚላክ የማደሻ ማሳሰቢያ አይደርስዎትም። በጂሜይል ለመዝጋቢው የደንበኞች አገልግሎት ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን የክፍያ ደረሰኝ፣ መታወቂያና የንግድ ፈቃድ አያይዘው የአካውንቱ ኢሜይል እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። አካውንቱ የተከፈተው በባለሙያው ስም ከሆነ ግን እሱን ሳያገኙ የሚያስለውጡ አይመስለኝም፤ ማሳደሱን ብቻ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቋቸው። ትእዛዙ ደግሞ ይህን መጠበቅ የለበትም። እህትዎ የስትራይፕ ዳሽቦርድ ውስጥ ገብተው የከፋዮቹን ስምና ኢሜይል ያውርዱና ልክና አድራሻቸውን ዛሬውኑ በመልእክት ይጠይቋቸው። ለመሆኑ የመጀመሪያው ክፍያ የተፈጸመው በማን ካርድ ነበር?

መካሪው፦
ጥያቄው ይኸው ነው፤ እኔም ከላይ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ቻናል_ይበቃል፦
ሲልቨር ስፕሪንግም ቴሌግራም አለ።

ስም_ጠባቂ፦
እህቴ፣ ደረሰኙ ተገኘ? የማደሻው ጊዜ እየሄደ ነው።

የመርካቶ_ልጅ፦
በኮምፒውተር ደግሞ ካሹን አጥፍተው ይሞክሩት።