የአደራ ቤተሰቦችን በበጎ ፈቃድ ስለ መርዳት

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አንዲት ጎረቤታችን ካለፈው መስከረም ወዲህ የአደራ ቤተሰብ ሆነው ሁለት ወንድማማቾችን ለጊዜው እያሳደጉ ነው። ጥቂት የእድራችን አባላት ልንረዳቸው ብንስማማም፣ ግማሾቻችን ለፋሲካ ልብስና መጫወቻ ገዝተን እንሂድ ስንል ሌሎቹ ይህ ልጆቹን ያሸማቅቃል ብለው ተቃወሙ። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን።

የመጀመሪያ መልስ፦
በማኅበራዊ ሠራተኛነት ለረጅም ዓመታት አገልግያለሁና ከተቃወሙት ጋር እስማማለሁ። አደራ ተመላሽ ነው፤ ጉዲፈቻ ልጁን የአሳዳጊው ልጅ ሲያደርገው፣ የአደራ ቤተሰብ ግን ልጁ ወደ ወላጆቹ ወይም ወደ ዘመዶቹ እስኪመለስ፣ ይህ ካልሆነም ቋሚ ቤተሰብ እስኪያገኝ ይጠብቀዋል። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ወላጅ ያጡ ሕፃናት ተስፋቸው በአገር ውስጥ ቤተሰብ ላይ ስለ ሆነ፣ እርዳታችሁ አሳዳጊዋ እንዳይዝሉ ቢያግዝ ይሻላል። ከልጆች ጋር ብቻውን የሚውል ሰው ማንነቱ ሊታወቅ ይገባልና፣ አስቀድማችሁ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል ጉዳዩን የሚከታተለውን ባለሙያ አነጋግሩ። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሰው መርጣችሁ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ያስጠኑ። አስጠኚው በየሳምንቱ ከተለዋወጠ፣ ከቤት ወደ ቤት የተዘዋወረ ልጅ ሰው ሁሉ ሂያጅ ነው ብሎ ይደመድማል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ፣ ማለትም ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለሚያድጉ ልጆች አያያዝ የወጣው፣ ወንድማማቾች እንዳይለያዩ ያሳስባል፤ እናንተም ታናሹን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ እንግዳ ሁልጊዜ የሚያቅፈው ትንሹን ነውና።

ሁለተኛ መልስ፦
እኔ ራሴ አደራ ተቀባይ ነበርሁ። ከሁሉ የጠቀመችኝ፣ ለቅሶ ልደርስ ወይም ሐኪም ቤት ልሄድ ስል ልጅቷን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ናት። በአንጻሩ ስጦታ ይዘው የመጡ እንግዶች ፎቶግራፍ አንሥተው ፌስቡክ ላይ በማውጣታቸው የክፍል ጓደኞቿ ታሪኳን አወቁ፤ ትምህርት ቤት አልሄድም ያለችበትን ሳምንት አልረሳውም። ልብስ መግዛት ከፈለጋችሁ ገንዘቡን ለአሳዳጊዋ ስጡና እርሳቸው ገበያ ይውሰዷቸው። ስለ ወላጆቻቸውም ልጆቹ ራሳቸው ካላነሡ አትጠይቁ። ልጅቷ ወደ አክስቷ በተመለሰች ጊዜ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎኝ ሄደ፤ እኔ ግን ለብዙ ቀናት ማታ ማታ የእርሷንም ሳህን አቀርብ ነበር። ያን ጊዜ ቡና አፍልቶ የሚያጫውተኝ ሰው በጣም እፈልግ ነበር።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፋሲካውን ሐሳብ ትተነዋል። ሁለት መምህራን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊያስጠኑ ፈቃደኞች ስለ ሆኑ ሰኞ ወደ ወረዳው እንሄዳለን። ልጆቹ የሚመለሱበትን ቀን ግን ማንም ከእኛ አላሰበውም ነበር፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አነሣዋለሁ።